«ትንሽ ነው የቀረችው» ይብቃን

በከተማችን የእግር ጉዞ ቡድኖች በዝተዋል። ቅዳሜና እሁድ ወደ የረር፣ ወደ ወጨጫ፣ ወደ ዝቋላ የሚወጣውን ወጣት ማየት ያስደስታል፤ ረዘም ያለ ዕረፍት ያገኘውም ሰሜን ተራሮች ድረስ ይዘልቃል። አብሮ የተስፋፋው አመለካከት ግን ሰው ሊያስገድል የሚችል ነው። ጫፉን ያልረገጠ እንዳልሄደ ይቆጠራል። ከመንገድ ልመለስ ያለ «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። ደመናው ሲጠቁር መሪው ያጨበጭብና «በርቱ፣ ትንሽ ነው የቀረችው!» ይላል። ይህን ማበረታቻ የሚሉት አሉ፤ እኔ በሰው ሕይወት መጫወት ነው የምለው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከተማ ውስጥ ነው። 12 ሰዓት ይነሳል የተባለው አውቶቡስ 1 ሰዓት ተኩል ይነሳል፤ መንገድ ላይ ቁርስ ይበላል፤ እግር ዳገት ሲነካ 4 ሰዓት አልፏል። በበልግና በክረምት ደጋ ላይ ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ እንደሚዘጋ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ገደሉን ታክኮ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነጎድጓድና በረዶ ያወርዳል። በ4 ሰዓት መውጣት የጀመረ ቡድን ሸንተረሩ ላይ የሚገኘው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ «ያልታሰበ ዝናብ ያዘን» ማለት ምን ይባላል?

ሰዓቱን አስቀድሞ ማስላት ደግሞ ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ይህም ዕረፍቱ፣ የሰው ብዛቱና የአየሩ መሳሳት ሳይቆጠር ነው፤ በ4,500 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ይህን ሂሳብ ሳይሠራ ሰላሳና አርባ ሰው ይዞ የሚወጣ አዘጋጅ የሰው ገንዘብ ለምን እንደሚቀበል አይገባኝም።

ከሰሜን ተራሮች አንዱን ጫፍ፣ ቧሂትን እንውሰድ። ከ4,400 ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በ2,000 ሜትር ያህል ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ ሹራብ የሚያስደርብ ቀን እዚያ ላይ ውርጭ ነው። በረዶው ሲጀምር የጥጥ ሹራብና ጂንስ የለበሰው ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ይበሰብሳል፤ ጥጥ ውሃውን ይዞ ሰውነቱ ላይ ይለጠፋል፤ ነፋሱ ሙቀቱን ይወስዳል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ጣቶቹ ይደነዝዙና የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ እግሩ ይደናቀፋል፤ በመጨረሻም ዝም ይላል። ዝም ሲል ጓደኞቹ በረታ ብለው ያስባሉ። በዚህ ሁኔታ በእጅም በእግርም የሚወጣ ቋጥኝ ላይ መድረስ የባሰ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ የደነዘዘ እጅ አይጨብጥም፣ የተወጣውን መልሶ መውረድ ደግሞ ከመውጣቱ ይከብዳል። በሰሜን ተራሮች አንዳንዱ ገደል እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ ጭጋግ ሲወርድ አፋፉ አይታይም።

መብረቁስ? ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በታች ከተቆጠረ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ዛፍ በሌለበት ሸንተረር ላይ ደግሞ ከሁሉ ረዝሞ የሚታየው የቆመው ሰው ነው። ቆጠራው የመውረጃ ምልክት መሆን ሲገባው ብዙዎች የመፍጠኛ ምልክት ያደርጉታል፤ ወደ ላይ።

«የአገሩ አስጎብኚ አለ፣ እሱ ያውቃል» የሚል መልስ አውቃለሁ። በሰሜን ተራሮች አስጎብኚና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ይዞ መሄድ ግዴታ ነው፤ መሆኑም ትክክል ነው። ሆኖም አስጎብኚው «እንመለስ» ሲል የሚሰማው ማነው? ከሩቅ የመጣው፣ የከፈለው፣ ዕረፍቱ ነገ የሚያልቅበት መንገደኛ ፊቱን ያጠቁራል፤ ጉርሻው የሚመጣው ከዚያው ሰው ኪስ ነው። እንጀራው በእኛ ደስታ ላይ የተንጠለጠለ ሰው እንዲከለክለን መጠበቅ ተገቢ አይደለም። «እንመለስ» የሚለው ቃል ቀድሞ ከእኛ መውጣት አለበት፤ እሱ ሲለው ደግሞ ክርክር ሊነሳበት አይገባም።

ብርዱን የኖሩበት ሰዎች ምን እንደሚለብሱም ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደርባል፤ ጠጉር ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። እኛ ከነሱ መንደር አልፈን በስስ ጥጥ ወደ ላይ እንወጣለን፣ «ጨው አይደለን፣ አንሟሟም» እያልን።

ጉዞ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በማስታወቂያችሁ ላይ ከዋጋው በፊት የመመለሻ ሰዓቱን ጻፉ፦ «የትም ብንደርስ 6 ሰዓት ላይ ፊታችንን እናዞራለን» በሉ። የዝናብ ልብስና የሱፍ ሹራብ ያልያዘውን አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት መልሱት። የምትከፍሉም ይህን ያልጻፈ አዘጋጅ ዘንድ አትመዝገቡ።