ሲሶና ሩብ ሲደመሩ

በሾላ ገበያ ሩብና ግማሽ ኪሎ ቡና ሲመዘን «ሦስት ሩብ» ለማለት የማታመነታ የቦሌ ልጅ፣ በክፍሏ ሰሌዳ ፊት ቆማ ሲሶና ሩብን እንድትደምር ስትታዘዝ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምራ «ሁለት ሰባተኛ» ብትል፣ ድምሩም ከሲሶው ከራሱ ማነሱን ባታስተውል፣ ጉድለቱ የልቡናዋ ሳይሆን የአስተማመራችን ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍለው፣ ከዓመቱ 365 ዕለት የሚተርፈውን ሩብ ዕለት 15 ኬክሮስ ብለው ቈጥረዋል፤ በዚሁ ስፍር ሲሶው 20 ስለሚሆን፣ ድምሩ 35 ኬክሮስ፣ ይኸውም ከ12 እጅ 7ቱ ነው።

እንግዲህ (የሒሳብ መምህራን አይቀየሙኝና) የጋራ ታሕት በደንብነት ከመሸምደዱ አስቀድሞ በኬክሮስ ቢጀመር እመርጣለሁ፤ አምስተኛው እጅ 12 ሆኖ ይገጥማል፣ ሰባተኛው ግን ለ60 እንቢ ስለሚል፣ ሌላ ታሕት መፈለግ ለምን እንዳስፈለገ ተማሪዋ ራሷ ትጠይቃለች።