ወንጪ፦ ተራራውም ጀልባውም በአንድ እሁድ

ወደብ ባይኖረንም ጀልባ ያምረናል። የባሕር ዳር ከተማ ነዋሪዎች ጠዋት ተራራ ወጥተው ከሰዓት በኋላ ውኃ ላይ ሲንሳፈፉ በቴሌቪዥን እናያለን፤ ለእኛ የቀረልን ግን እሁድን ካፌ በረንዳ ላይ ወይም የገበያ ማዕከል ውስጥ ማሳለፍ ይመስለናል። አይደለም። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚሰጥ ቦታ አለ፤ ወንጪ። ስሙን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የዚህ ወር ጽሑፌም ወንጪን ለማስተዋወቅ ሳይሆን ልጆችንና አያቶችን ይዛችሁ ስትሄዱ ምን እንደሚገጥማችሁ ለመንገር ነው።

ከፎቶው ልጀምር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ጥሩ ፎቶ ምን እንደሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚደብቅም አውቃለሁ። የወንጪ ፎቶዎች አብዛኞቹ ከላይ፣ ከተራራው ጠርዝ የተነሡ ናቸው። ሰማያዊው ሐይቅ፣ መሐሉ ላይ ደሴቲቱ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ማሳና እንሰት ይታያል። እውነት ነው፣ እንደዚያው ነው የሚያምረው። ፎቶው የማይነግራችሁ ሐይቁ ከቆማችሁበት በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ነው። የወረዳችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ 3,386 ሜትር ሲሆን የሐይቁ ወለል ራሱ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የምጽፈው ለጌጥ አይደለም። እኛ አዲስ አበቤዎች ከፍታ ለምደናል ብለን እንኩራራለን፤ ግን ቦሌና መገናኛ ከ2,300 እስከ 2,400 ሜትር አካባቢ ናቸው። ወንጪ ጠርዝ ላይ ስትቆሙ ከቤታችሁ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላችኋል። አየሩ ይሳሳል፣ ብርዱም ይጨምራል። በአንድ ሺህ ሜትር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ለሠላሳ ዓመት ወጣት ይህ ትንሽ ማለክለክ ነው። የደም ግፊት ላለባቸው እማማ፣ አስም ላለበት ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ፣ የዕለቱን መድኃኒት እንዲወስዱ አስታውሱ፣ ኢንሄለሩንም መኪና ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። ፀሐዩም ያታልላል፤ ብርድ ስለሆነ የማያቃጥል ይመስላል፣ ማታ ግን የልጆቹ አፍንጫ ቀልቶ ታገኙታላችሁ። ባርኔጣና ቅባት ያስፈልጋል፤ ሹራብና ጋቢም እንዲሁ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ በወሊሶ በኩል፣ ሌላው በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጎ በአምቦ በኩል። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ የሚወዱ አሉ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ግን መኪና ውስጥ የምታሳልፉትን ሰዓት አታብዙ። በአምቦ በኩል ከሄዳችሁ ለልጆቹ የሚነገር ታሪክ አለ። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩት አስበው ነበር። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ልጆቻችሁ ስልካቸውን ለአሥር ደቂቃ እንዲያስቀምጡ ይህ ይበቃል።

ከመነሣታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ የመንገዱን ሁኔታ እዚያው አካባቢ ካለ ሰው ጠይቁ፤ ሎጅ ይሁን አስጎብኚ፣ ማንም ይሁን። ሰላሙንም ጭቃውንም ከአካባቢው ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከታቀፈች ወዲህ ማረፊያው ተሻሽሏል፤ የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ግን ከምርጫው ይልቅ መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ቢያውቅ ይሻለዋል፤ እሱንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ሐይቁ የሚወርደው በእግርም በፈረስም ነው። እማማ ካሉ ፈረሱን ለመውጫው አስቀምጡላቸው፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ቢጎዳም በዝግታ ይወረዳል፣ አቀበቱ ነው ልብ የሚፈትነው። ልጅ ፈረስ ላይ ስታስቀምጡ ባለፈረሱ ልጓሙን በእጁ ይዞ እንዲሄድ ንገሩት። ልጁ ብቻውን ልያዘው ቢል፣ ለፎቶ ብቻ ብትሉም እንኳ አይሆንም። ዋጋ ስትነጋገሩም ሙሉውን ተነጋገሩ፤ መውረድ ብቻ ነው ወይስ መመለስም አለበት፣ የመጠበቂያው ሰዓትስ ተቆጥሯል? ከተስማማችሁ በኋላ ደግሞ አትጨቃጨቁ። ባለፈረሱ ቀኑን ሙሉ ያንን አቀበት የሚወጣ ሰው ነው። ስትለያዩ ልጆቹ «ገለቶማ» ብለው ቢያመሰግኑት ፊቱ ላይ የምታዩት ፈገግታ ከጉርሻው አይተናነስም። ጉርሻውን ግን አታስቀሩ።

አሁን ወደ ጀልባው ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና።

ጀልባው ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ዋጋው አይሁን። «ላይፍ ጃኬት ለስንት ሰው አላችሁ? የልጅስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ለወንጪ ብቻ አይደለም፤ ለቢሾፍቱም፣ ለዝዋይም፣ ለሐዋሳም፣ ለባሕር ዳርም ነው። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። የምንችለውም የተማርነው በሆቴል ገንዳ፣ በሞቀ ውኃ ውስጥ ነው። ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳያስበው አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ዋና የሚችል አባት እንኳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልጁን ፍለጋ ሊዋኝ አይችልም፤ ራሱን ማንሳፈፍ ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ጃኬቱ ለልጁ ብቻ አይደለም። እናንተም ልበሱት፤ ለእማማም አልብሱ።

ጃኬት አለ ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። መቆለፊያውን ዝጉና ሳቡት፤ የሚከፈት ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ የተቀጠለ፣ ስፖንጁ ተጨማድዶ ውኃ የጠጣ ጃኬት ልብስ እንጂ ሕይወት አድን አይደለም። ለልጅ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ጃኬቱን አልብሳችሁ ከቆለፋችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ ወደ ልጁ ጆሮ ከወጣ ሰፍቶታል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ግን በሥሩ ይሾልካል። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ ማልበስም እንዲሁ ነው። ለትንንሾቹ በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሐይቅ የምትሄዱ ከሆነ የራሳችሁን የልጅ ጃኬት ግዙ። ውስጡ ላይ ለስንት ኪሎ ልጅ እንደተሠራ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ምርጫው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይነገር። ሕፃን በአንቀልባ አዝላችሁ ጀልባ ላይ አትውጡ። መሬት ላይ ከእናት ጀርባ የበለጠ አስተማማኝ ቦታ የለም፤ ውኃ ላይ ግን የታሰረ ልጅ ማለት ነው፣ ጃኬትም አይለብስም። ጨቅላ ያላችሁ ከሆነ አንዳችሁ ዳር ላይ አብራችሁት ብትቆዩ ምንም አይቀርባችሁም። ጋቢም እንዲሁ፦ ጀልባው ላይ አውልቃችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉት፤ ውኃ የጠጣ ጋቢ ምን ያህል እንደሚከብድ ያጠበ ያውቀዋል። ከተቀመጣችሁ በኋላም ለፎቶ ብላችሁ አትነሡ። ትንሽ ጀልባ የምትገለበጠው ብዙ ጊዜ ሰው ሲቆምና ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ነው።

ጃኬት ባይኖርስ? «እስከ ዛሬ ማንም አልወደቀም» ይሏችኋል፤ ውሸትም ላይሆን ይችላል። 155 ኪሎ ሜትር መጥታችኋል፣ ነዳጅ ተቃጥሏል፣ ልጁ ከሰኞ ጀምሮ ጀልባ ጀልባ ሲል ሰንብቷል። አለመሳፈር ከባድ ውሳኔ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም አትሳፈሩ። ልጁ ያለቅሳል፤ ያልቅስ። የሐይቁን ዳር ይዛችሁ በእግር ተጓዙ፣ ምሳችሁን እዚያው ብሉ፣ ጀልባውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ለባለጀልባዎቹም የማትሳፈሩበትን ምክንያት በግልጽ ንገሯቸው፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ደንበኛ። ሙያዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ገበያ የሚያቀርበው ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን መሆኑን ነው። በአንድ እሁድ አምስት ቤተሰብ «የልጅ ጃኬት ከሌለ አንሄድም» ብሎ ከተመለሰ በሚቀጥለው ወር ጃኬቱ ተገዝቶ ይጠብቃችኋል። ማንም ካልጠየቀ ግን ለምን ይገዛል?

ጃኬቱ ካለና ልክ ከሆነ ደግሞ ሳትሳቀቁ ተሳፈሩ፤ የቀኑ ደስታ እዚያ ነውና። በጠዋት ብትሻገሩ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊነሣ፣ ደመናም ሊወርድ ይችላል። በደሴቲቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እማማ ነጠላቸውን ያጣፉበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ለእሳቸው ጉዞው ሽርሽር ሳይሆን ስለት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አታቻኩሏቸው። ልጆቹ ከመውረዳቸው በፊት ቦታው የጸሎት መሆኑን፣ እንደማይጮህበትና ጫማ ወልቆ እንደሚገባ ንገሯቸው። ፎቶ ለማንሳትም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ከሐይቁ ባሻገር ባለው ሸለቆ ፍል ውኃ አለ። ደስ ይላል፣ ግን ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ ያለ እሱም ቀኑ ሞልቷል። ምሳ ከቤት ያዙ። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ፤ ብርድ ላይ ሻይ የሚሰጠውን ደስታ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የላስቲክ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። የምትገዙት ነገር ከፈለጋችሁ የወንጪን ማር ግዙ።

ይህ ሁሉ ለሚበዛባችሁ ቢሾፍቱ አለች፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሆራና ባቦጋያ አካባቢ ጀልባ የሚያከራዩ አሉ፤ ዳገት የለም፣ አያቶችም አይደክሙም። ግን አንድ ነገር እወቁ። የቢሾፍቱ ሐይቆች የተፈጠሩት የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ እንደ ዝዋይ ቀስ እያሉ አይጠልቁም፤ ዳራቸው ገደል ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ልጅ ከዳር ሁለት ሦስት እርምጃ ገብቶ መቆሚያ ሊያጣ ይችላል። ሎጁ ሣር ላይ ቡና እየጠጣችሁ ሳለ ልጆቹን የሚያይ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው። ከዚያው ሆናችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ብታዩ የዝቋላ ተራራ ይታያችኋል፤ እሱም አናቱ ላይ ሐይቅ አለው፣ ግን ለጸበል እንጂ ለጀልባ አይደለም።

ወንጪን ለመረጣችሁ ሰዓቱን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ውጡ። ልጆቹ መኪና ውስጥ ይተኛሉ፣ ሰበታም ገና አልተጨናነቀችም። 3 ሰዓት አካባቢ ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ፤ 4 ሰዓት ተኩል ጀልባው ላይ ትሆናላችሁ። ምሳ ሐይቁ ዳር። ቀሪውን ሰዓት ለአቀበቱ ተዉት፤ ከእማማና ከልጆች ጋር ከምታስቡት በላይ ይፈጃል። ከ8 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ መኪናው ይነሣ። ሳይመሽ አዲስ አበባ ለመግባትም፣ የእሁድ ማታውን የሰበታ መኪና ሰልፍ ለማምለጥም ያ ሰዓት ነው የሚያዋጣው። የነገው ሰኞ ነው፤ የልጆቹ ዩኒፎርም ቅዳሜ ቢተኮስ ይሻላል።