ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስት መስመር

ባለፈው ሳምንት የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል፤ የሚያስተምረው ገጠር ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ መጽሐፍ የሚገዛ ልጅ ነው። አዲስ አበባ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ ሲል ለገሃር አካባቢ ከአዟሪዎች ጋር ዋጋ ተከራክሮ፣ በፌስታል ይዞ ይመለሳል።

«ቲቸር፣ ተሸወድኩ መሰለኝ» አለኝ።

ዘንድሮ ከገዛቸው አራት መጻሕፍት ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ናቸው። ርዕሳቸው ይለያያል፣ ሽፋናቸው ይለያያል፣ ተርጓሚያቸውም ሌላ ሌላ ነው። አንዱ ርዕሱ ላይ «ሀብት» የሚል አለበት፣ ሌላው «ኃይል»። እንዴት አወቅህ አልኩት። ሁለቱም ውስጥ ዳርቢ የሚባል ሰውዬ አለ። ከአጎቱ ጋር ኮሎራዶ ወርቅ ሲቆፍሩ ቆይተው ተስፋ ይቆርጡና ማሽኑን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጠው ይሄዳሉ። ነጋዴው ባለሙያ አማክሮ ሲያስቆፍር ወርቁ እነሱ ካቆሙበት እዚያው አጠገብ ተገኘ። «በአንዱ መጽሐፍ ሦስት ጫማ ይላል፣ በሌላው አንድ ሜትር። ልዩነታቸው እሱ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

መጽሐፉ ናፖሊዮን ሂል እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተመው «ቲንክ ኤንድ ግሮው ሪች» ነው። ይሄን ስም ሁለቱም ላይ አታገኙትም። በአንዱ የደራሲው ስም ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል አለ። በሌላው ጭራሽ የለም፤ «ትርጉምና ቅንብር» ተብሎ የተርጓሚው ስም ብቻ ተንሰራፍቷል። የአሳታሚዎቹን ስም አልጠራም። አንድ ሁለቱን ብጠራ ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው ያልኩ ይመስላል።

ወዳጆቼ፣ አዟሪ ደረቱ ላይ ከምሮ የሚዞረውን የመጽሐፍ ቁልል እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። «ምስጢር»፣ «ጥበብ»፣ «ኃይል»፣ «ሕግጋት»። አራት ቃል እየተገለባበጠ ስንት ርዕስ ወለደ! ሽፋኑ ላይ ከኢንተርኔት የወረደ ሱፍ የለበሰ ፈረንጅ፣ ከሥሩ «በሚሊዮን የሚቆጠር ኮፒ የተሸጠ» የሚል ጽሑፍ። ምኑ ነው የተሸጠው? ስሙን ንገሩና እኛም እንወቀው እንጂ!

«ምን ችግር አለው፣ ቁም ነገሩ ውስጡ ነው» የሚሉ አሉ። ችግሩማ ውስጡን እንዳንመረምር መደረጋችን ነው። ሂል ያንን መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ሳትወጣ ነው። የሀብትን ሚስጥር ያቀበለኝ አንድሩ ካርኔጊ ነው ይላል፤ ካርኔጊ ግን መጽሐፉ ሲታተም ከሞተ 18 ዓመት ሆኖታል፣ ለተባለው ግንኙነትም ከሂል ከራሱ ቃል ውጭ ማስረጃ አልተገኘም። ይሄን አውቆ ማንበብ አንድ ነገር ነው። ትናንት የተጻፈ፣ የተረጋገጠ ምክር መስሎት ከሥራው ለመልቀቅ ማመልከቻ የሚያረቅ ወጣት ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያውን ርዕስ ቢያውቅ ስልኩን አውጥቶ አምስት ደቂቃ ፈልጎ ሰውየው ማን እንደነበር ያገኛል። ያቺን አምስት ደቂቃ ነው የነጠቁት።

ርዕስ መቀየር ኃጢአት ነው አላልኩም። ጋሽ ነቢይ መኮንን፣ ነፍሱን ይማርና፣ በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ሲተረጉም ርዕሱን «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለው። ከመጽሐፉ ማሳረጊያ ላይ ነው ያወጣው። የሚገርመው ደራሲዋ ራሷም መጽሐፏን እንደዚያ ልትለው አስባ ነበር። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም የቪክቶር ሁጎን «ሌ ሚዜራብል» ሲያመጣልን «ምንዱባን» አለው፤ አንዲት የግዕዝ ቃል፣ በቃ። እነዚህ ሰዎች ርዕስ ያወጡት መጽሐፉ ውስጥ ኖረውበት ነው። እኛ ዘንድ ግን አሁን ርዕስ የሚወጣው ባለፈው ወር ምን እንደተሸጠ ታይቶ ነው።

ፈረንጆቹም ይቀይራሉ። የስዊድናዊው ስቲግ ላርሰን ልብ ወለድ በአገሩ ርዕሱ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ነበር፤ እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ዘንዶ የተነቀሰች ልጅ ሆነ። እኔ አልወደድኩላቸውም። ግን መጽሐፉን ገልጣችሁ የኅትመት መረጃው ገጽ ላይ ስታዩ የስዊድንኛው ርዕስና ዓመቱ ቁጭ ብሏል። እኔ የምለውም ይሄንኑ ነው፦ የመጀመሪያው ርዕስ፣ ደራሲው፣ የታተመበት ዓመት። ሦስት መስመር። ወረቀት ተወደደ ለሚሉኝ፣ ሦስት መስመር ስንት ወረቀት ይፈጃል?

እውነቱን ለመናገር እኔም እጄ አለበት። ከዓመታት በፊት አንድ ትርጉም አርትዕ ብለውኝ ሠራሁ። ታትሞ ሲመጣ ሁለተኛው ገጽ ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ከሚል በቀር ምንም የለም። የማን መብት? አልጠየቅኩም። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ያ መጽሐፍ ዛሬም አዟሪ እጅ ላይ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ።

ተማሪዬ ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ትርጉም የሆኑትን እየለየ፣ የመጀመሪያ ስማቸውን እየፈለገ ሁለተኛው ገጽ ላይ በእርሳስ እየጻፈ ነው። ዘጠኝ አገኘ፣ ሰባቱን ጨረሰ። ሁለቱን ግን እሱም እኔም ማወቅ አልቻልንም። የመጀመሪያ ገጾቻቸውን ፎቶ ልኮልኛል፣ ኮሜንት ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። አንዱ ስለ አንድ የመርከብ ካፒቴን እያወራ ይጀምራል። የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን፣ ልጁ እየጠበቀ ነው።