405 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተሸጠ መኪና ነቀምቴ ይደርሳል?

የዛሬው ጉዳያችን መኪና ነው። «መኪናና ዲን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ጥቂት ታገሱን።

በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ መኪና የሚያምረው ወጣት ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ሦስትና አራት ሆነው ዕቁብ ጥለው፣ የባጃጅ ሽያጭ ጨምረውበት፣ ከዘመድ ተበድረው የሚገዙ ወንድሞች አሉ። ሻጩ የሚነግራቸው ሁለት ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፣ በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዋጋው የሚቆረጠውም በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

እስቲ አንዱን እንፈትሽ። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን ትንሽ መኪና ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በቻይና መለኪያ (ሲ.ኤል.ቲ.ሲ ይሉታል) 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት 305 ኪሎ ሜትር፣ ከፍ ያለ ባትሪ ያላት ደግሞ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፏል። ይህችው መኪና ጥቂት ተሻሽላ፣ ስሟም ተቀይሮ አውሮፓ ስትገባ ባለ 30ው ባትሪ በአውሮፓ መለኪያ የተጻፈላት 220 ነው። ባትሪው ያው ነው፤ መለኪያው ሲጠብቅ 85 ኪሎ ሜትር ጠፋ። የቻይናው ሙከራ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ የከተማ ቆም በል ሂድ የበዛበት ስለሆነ ቁጥሩን ያሳምረዋል። በዚሁ ስሌት 405 የተባለችው ከ290 ብዙም አትበልጥም። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረቀቱ የተማመነ ሹፌር ባኮን አልፎ ነቀምቴ ሳይገባ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ጌዶን የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። ሲመለስ ደግሞ አዲስ አበባ ከነቀምቴም ከፍ ያለች ናት።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ቁጥር ያነሰ ሁሉ ተታለለ አይባልም። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው ወደ 80 ይወርዳል። ይህ የአላህ ተፈጥሮ ነው፣ አምራቹ አይከሰስበትም። የኤሌክትሪክ ሞተር በስስ አየር አይደክምም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያወጣው ከፍተኛው ጉልበት ነው፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ከዚያ ያነሰ ነው።

ውሸት የሚሆነው በራሱ በአምራቹ መለኪያ ሲለካ እንኳ ቁጥሩ ሳይገኝ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ህዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት የሸጧቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪኖች የፈረስ ጉልበታቸው ተጋኖ እንደተጻፈ አመኑ። 140 ተብሎ የተሸጠው ኤላንትራ 135 ሆኖ ተገኘ። «አምስት ፈረስ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ባለመኪኖቹ ግን ተሰባስበው ከሰሱ፣ ካሳም አገኙ። ማዝዳም በ2003 አርኤክስ-8 የተባለውን መኪናውን ከ247 ወደ 238 ሲያወርድ፣ የማይስማማው ገዢ መኪናውን መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ ጠይቋል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ2023 መጀመሪያ ቴስላን በብርድ ጊዜ የሚሄደውን ርቀት አጋኗል ብላ ቀጥታለች።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንዳንድ ሻጭ ግመሉን ወይም በጉን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ቀናት ሳያልብ ያቆያት ነበር። ጡቷ ሲወጠር ገዢው ወተቷ ብዙ መስሎት ዋጋ ይጨምራል። ነቢዩ ይህን ከለከሉ። የገዛ ሰው ካለባት በኋላ ምርጫው የእሱ እንዲሆን ፈረዱ፤ ከወደዳት ያስቀራል፣ ካልወደዳት ስለጠጣው ወተት አንድ ቁና ያህል ተምር ጨምሮ ይመልሳታል። ዑለሞች «ሙሰራት» የሚሏት ይህች ናት። ልብ በሉ፣ ግመሏ አልታመመችም፣ እግሯም አልተሰበረም። የተጋነነው የምትሰጠው መጠን ብቻ ነበር። ከተጋነነ የፈረስ ጉልበት የሚለየው በምንድን ነው? ለሻጩም ፍትሕ አለበት፤ የተጠጣው ወተት ይከፈለዋል። ማዝዳ ይህን ሐዲስ የሚያውቀው አይመስለኝም፣ ያደረገው ግን ወደዚያው የተጠጋ ነው።

«እኔ ፋብሪካው የጻፈውን ነው ያነበብኩት» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ላያውቅ ይችላል፤ ካላወቀ ወንጀሉ ይቀልለታል። የገዢው መብት ግን በዚህ አይሰረዝም። ኺያሩል ዐይብ በሚባለው ምዕራፍ ዕቃው ላይ ከሽያጩ በፊት የነበረ ጉድለት ሲገኝ ሻጩ አወቀም አላወቀ ገዢው የመመለስ መብት አለው። የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል።

ችግሩ መብቱን የምንይዝበት ወረቀት የለንም። ውላችን ላይ የሻሲ ቁጥርና ዋጋ እንጂ ሻጩ በአፉ የማለበት ኪሎ ሜትር አይጻፍም። ስለዚህ የምትገዙ ወጣቶች ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ብቻ አትጠይቁ፤ ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ርቀቱ በየትኛው መለኪያ የተለካ ነው፣ ጉልበቱ ከፍተኛው ነው ወይስ ቋሚው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱም ውሉ ላይ ይስፈር፣ ምስክር ይፈርምበት።

ከእኛው መካከል መኪና አስመጥታችሁ የምትሸጡ ወንድሞችም አላችሁ። 405 የሚለውን ስትለጥፉ አጠገቡ በመንገዳችን 290 ገደማ ብላችሁ ጻፉበት። ደንበኛ ይቀንስብናል ትሉ ይሆናል። ይቀንስ ይሆናል።