በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ሆዱ ሲደርቅ

ሕፃን ልጅ ሕመሙን በቃል ሊናገር አይችልምና፣ ወላጆቹ የሆዱን ነገር የሚያውቁት ከልቅሶው፣ ከፊቱ መቅላትና ከሽንት ጨርቁ ነው። በጣሳ ወተት የሚያድግ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ «ልጁ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ካካ አላለም» የሚል ቃል በተሰማ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይነሣል። አያት ቅቤ ታቀርባለች፣ ጎረቤት አብሽ ትዘፈዝፋለች፣ አክስትም ከጓዳ የጉሎ ዘይት ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ይሁን እንጂ ለሕፃኑ አንዳች ነገር ከመስጠት በፊት ሁለት ነገር መመርመር ይገባል፤ በእርግጥ ደርቆበታልን? ወተቱስ በልኩ ተበጥብጧልን? የዚህ ወር ጽሑፋችን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ እናቲቱ ጥቂት እንበል። ከምግብ ሁሉ ለሕፃን የተመረጠው የእናት ጡት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን እናቱ በወሊድ ያረፈችበት ሕፃን አለ፤ ስለ ሕመሟ ወይም ስለምትወስደው መድኃኒት ማጥባት የተከለከለች እናት አለች፤ መንታ ወልዳ ወተቷ ያልበቃላትም አለች። እንዲህ ያለችውን እናት በክርስትናው ዕለት ከብበው «ጡትሽን ብትሰጪው ኖሮ ሆዱ ባልደረቀ ነበር» ቢሏት ለሕፃኑ የሚረባው ነገር የለም። ጥቂትም ቢሆን ወተት ያላትና ማጥባት ያልተከለከለች እናት ግን ጡጦ ስለ ተጀመረ ጡቷን ፈጽማ እንዳትተው እንመክራታለን፤ የጡት ወተት ዓይነ ምድርን ያለሰልሳልና።

በጣሳ ወተት የሚያድግ ሕፃን ዓይነ ምድሩ ከጡት ልጅ ይልቅ ወፍራም ነው፤ ቀለሙ ቡናማ ወይም አረንጓዴ መሰል ይሆናል፣ ሽታውም ይበረታል። ለዚህም ምክንያት አለው። በብዙዎቹ የጣሳ ወተቶች ውስጥ የሚጨመረው የዘንባባ ዘይት በአንጀት ውስጥ ሲፈጭ ስቡ ከካልሲየም ጋር ይጣበቅና እንደ ሳሙና ያለ የማይሟሟ ነገር ይሆናል፤ ይህም ዓይነ ምድሩን ያጠጥረዋል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ስብ ግን አሠራሩ ልዩ ስለሆነ በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ የዓይነ ምድሩ መወፈር ብቻውን በሽታ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች «የሚያደርቀው በወተቱ ውስጥ ያለው ብረት ነው» ብለው ብረት የሌለበትን ይፈልጋሉ። በጣሳ ወተት ውስጥ ያለው የብረት መጠን ሆድን እንደማያደርቅ በምርመራ ታይቷል፤ ብረት የጎደለው ሕፃን ግን ደም ያንሰዋል።

ድርቀትን በቀን ቁጥር መለካት ያሳስታል። አንዱ ሕፃን በቀን ሦስት ጊዜ ይወጣዋል፣ ሌላው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። መታየት የሚገባው የዓይነ ምድሩ ዓይነት ነው። እንደ ፍየል በጠጥ ተድቦልቡሎና ጠጥሮ ከወጣ፣ በሚወጣበትም ጊዜ ሕፃኑ ከሕመም የተነሣ ከጮኸ፣ ይህ በእርግጥ ድርቀት ነው። ለስላሳ ሆኖ ከወጣ ግን፣ በሦስተኛው ቀን ቢመጣም እንኳ፣ ሕፃኑ ደኅና እየጠባና እየፋፋ እስከ ሆነ ድረስ ድርቀት አይባልም።

ብዙ እናቶችን የሚያስደነግጥ ሌላ ነገር አለ። ገና ጥቂት ወራት የሆነው ሕፃን ዐሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ድረስ ያምጣል፣ ያለቅሳል፣ እግሩን ይሰበስባል፤ በመጨረሻም የሚያወጣው ለስላሳ ነገር ይሆናል። ይህ ሕፃን አልደረቀበትም። በሆዱ እየገፋ በዚያው ጊዜ ፊንጢጣውን መልቀቅ እንዳለበት ሰውነቱ ገና አልተማረም፤ እኛ ሳናስበው የምናደርገው ነገር ለእርሱ ትምህርት ነው። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ በራሱ ይለቀዋልና መድኃኒት አያሻውም። በሳሙና ስንጣሪ ወይም በሙቀት መለኪያ እየነካኩ ማስወጣት ለጊዜው የረዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሡን ገላ ያቆስላል፣ ደጋግመው ቢያደርጉትም ሕፃኑ ካልነኩት በቀር ላለማውጣት ይለምዳል።

ዓይነ ምድሩ በእርግጥ ከጠጠረ ግን በመጀመሪያ የሚመረመረው ጡጦው ነው። በዛሬ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ የሚገኘው ጣሳ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣ ነው፤ አንዱ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ሁለተኛውን ከዓረብ አገር የተመለሰች እኅት፣ ሦስተኛውን ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ያመጣዋል። እያንዳንዱም ጣሳ የራሱ መስፈሪያ አለው። በአንዱ ጣሳ አንድ መስፈሪያ ዱቄት ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሆናል። በሌላው፣ ለምሳሌ በብዙዎቹ የአሜሪካ ጣሳዎች፣ አንዱ መስፈሪያ ለ60 ሚሊ ሊትር ነው፤ መስፈሪያውም በዚያው መጠን ይተልቃል። እንግዲህ ለ120 ሚሊ ሊትር ውሃ አራት መስፈሪያ መጨመር የለመደች አያት አዲሱን ጣሳ ከፍታ እንደ ልማዷ አራት ብትጨምር፣ ሁለት ብቻ የሚሻውን ወተት እጥፍ አደረገችው። ሕፃኑ ይጠማዋል፤ ስለጠማው ያለቅሳል፤ ስላለቀሰም «ራበው» ተብሎ ያው የወፈረው ወተት ይደገምለታል። ኩላሊቱ ትርፉን ጨው ለማስወጣት ውሃ ያጠፋል፣ አንጀቱም የጎደለውን ውሃ ከዓይነ ምድሩ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ይጠጥራል። ነገሩ ሲከፋ ጨው በደሙ ውስጥ በዝቶ ሕፃኑን እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ልጁ እንዲጠግብ በሚመኝ ሰው እጅ ነው።

እኔ መምህር እንደ መሆኔ በዚህ ረገድ የምሰጠው ምክር የሙያዬ ነው። በቤቱ ውስጥ የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ካለ፣ የጣሳውን ጽሕፈት ለአያቱ ጮክ ብሎ ያንብብላት፤ የውሃውንና የመስፈሪያውን ልክ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ ጽፎ በጣሳው ላይ ይለጥፍላት። ከብዙ የቤት ሥራ ይልቅ ይህ ንባብ ዋጋ አለው። ጽሕፈቱ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ያነብላችኋል። ጡጦውም ራሱ ሁለት ዓይነት መስመር ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በኦንስ ነው፤ አንድ ኦንስ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይጠጋል።

አበጣጠሩ እንዲህ ነው። ውሃው ይፈላል፤ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው አገር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ዱቄቱ ከጀርም ፈጽሞ የነጻ ስላልሆነ፣ ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ፣ ማለት ከእሳት ከወረደ ግማሽ ሰዓት ሳያልፈው መበጥበጥ አለበት። በጡጦው ውስጥ ውሃ ይቀድማል፣ ዱቄት ይከተላል። ዱቄቱን አስቀድሞ ጨምሮ ውሃውን እስከ መስመሩ የሚሞላ ሰው የዱቄቱን ቦታ እንደ ውሃ ስለሚቆጥረው ወተቱ ይወፍርበታል። መስፈሪያው አይጠቀጠቅ፣ አይቆለልም፤ አፉ በንጹሕ ቢላዋ ይስተካከል። ከዚያም ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ አብርዶ፣ በክንድ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን ፈትኖ ማጥባት ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠባው ይደፋ።

የዚህ ተቃራኒም ጥፋት አለ። የጣሳ ወተት ዋጋው ውድ ስለሆነ እስከ ወር መጨረሻ እንዲያደርስ ብሎ የሚያቀጥነው ቤት አይታጣም። የቀጠነ ወተት የሚጠባ ሕፃን ከሲታ ይሆናል፣ ጨውም በደሙ ውስጥ አንሶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። መጠኑም ሲያንስ የሚወጣ ነገር ስለማይኖር፣ ረሃቡ ድርቀት ተብሎ ይቆጠራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ አምስት ኪሎ የሚመዝነው እንግዲህ 750 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠባል ማለት ነው። ጥጋብ እንዲሰጠው ብሎ በጡጦው ውስጥ አጥሚት ወይም የሩዝ ዱቄት መቀላቀል ግን ሆዱን የበለጠ ያደርቃል፣ ያንቀዋልም።

ወተቱ ተስተካክሎ ሳለ ሆዱ ቢደርቅ፣ እጅ ብዙ ሊረዳው ይችላል። ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ሁለት እግሮቹን ቢስክሌት እንደሚነዳ ሰው ቀስ እያሉ ማመላለስ፣ ጉልበቶቹንም ወደ ሆዱ ማጠፍ ጋዙንና ዓይነ ምድሩን ያንቀሳቅሳል። ሆዱን ማሸትም መልካም ነው፤ እጅን አሙቆ ከሕፃኑ ሆድ በስተ ቀኝ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ከጎድኑ በታች ተሻግሮ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ታች ማውረድ፤ ትልቁ አንጀት የሚሄደው በዚህ መንገድ ነውና። ሞቅ ባለ ውሃ ማጠብም ሰውነቱን ያላላዋል። ይህ ሁሉ ግን ሕፃኑ ጠብቶ ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ቆይቶ ይደረግ። በየሁለት ቀኑ የወተት ዓይነት እየለወጡ መሞከርም አይጠቅምም፤ መለወጥ የሚያስፈልግ ከሆነ በሐኪም ምክር ይሁን።

ስለ ውሃ ብዙ እንጠየቃለን። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የሚያስፈልገውን ውሃ ከወተቱ ያገኛል። ሆዱ በእርግጥ ለደረቀበት የጡጦ ልጅ ሐኪሞች በጡጦና በጡጦ መካከል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት እንዲቀምስ የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ፤ ከአንድ ወር ለሚበልጠውም ጥቂት የፖም ጭማቂ ሊያዙ ይችላሉ፣ በፖም ውስጥ ያለው የስኳር ዓይነት ውሃን ወደ አንጀት ይስባልና። መጠኑን ግን የሕፃኑን ዕድሜና ክብደት ያየ ባለሙያ ይወስነው። ውሃው የወተቱን ቦታ አይውሰድ፣ ከወተቱም ጋር አይቀላቀል።

ለጨቅላው ፈጽሞ የማይሰጡ ነገሮች አሉ። ጥሬ ቅቤ ማዋጥ ጀርም ያስገባበታል፤ ቅባቱም ሲውጥ ወደ ሳንባው ቢያመልጥ የሳንባ ሕመም ያመጣበታል። የጉሎ ዘይት አንጀቱን አስጨንቆ በተቅማጥ ውሃውን ይጨርሰዋል። የአብሽና የጤና አዳም ውሃ ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስተወዋል፣ ልኩም አይታወቅም። ለትልቅ ሰው ሆድ መልካም ነው የሚባለው ጋዝና ጨው ያለበት የአምቦ ውሃም ለሕፃን አይሆንም። ከሁሉ የሚያስፈራው ማር ነው። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ የጀርም ዘር ሊኖር ይችላል፤ የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን አያሸንፈውም። የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት ነው፤ ከዚያም ልቅሶው ይደክማል፣ አንገቱ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል። ለድርቀት ብሎ ማር የሚያልስ ሰው እንግዲህ ምን እንደሚጋብዝ ይወቅ። ስለ ጠበልም አንድ ቃል ልጨምር፤ ሕፃኑን መርጨትና ማስነካት ይበቃዋል። በጡጦ ሞልቶ ማጠጣት ወተቱን ያስተወዋልና፣ የሚያጠራጥራችሁ ነገር ካለ ካህኑን ጠይቁ።

ስድስት ወር ሲሞላው ነገሩ ይቀላል፤ ገንፎና የተፈጨ እህል ሲጀምር ሆዱ ጥቂት ሊጠጥር ስለሚችል፣ ከዚያው ጋር የተፈጨ ፓፓያና አትክልት ይቅረብለት። የላም ወተት ግን ዓመት ሳይሞላው እንደ ዋና መጠጥ አይሰጥ፤ ሆዱን ያደርቃል፣ ደሙንም ያሳንሳል።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚወሰደው የትኛው ነው? ገና አንድ ወር ያልሞላውና ሆዱ የደረቀበት ሕፃን በዚያው ቀን ይታይ። በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ ጥቁሩን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ያላወጣ ሕፃን፣ በኋላ ቢወጣው እንኳ፣ መመርመር አለበት፤ በትልቁ አንጀት መጨረሻ የነርቭ ሕዋሳት ጎድለውት ሊሆን ይችላል። በሽታው በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ እርሱ ባስረዳው በዴንማርካዊው ሐኪም በሃራልድ ሂርሽፕሩንግ ስም ይጠራል፤ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ሆዱ ተነፍቶ የጠጠረ፣ አረንጓዴ ትውከት የሚያስታውከው፣ ትኩሳት ያለው፣ ከዓይነ ምድሩ ጋር ደም የታየበት፣ መጥባት የተወ ወይም የዛለ ሕፃን ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ክብደት የማይጨምር፣ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋና ድምፁ የጎረነነ ከሆነ የአንገት ዕጢው ሥራ አንሶ ሊሆን ይችላልና በደም ምርመራ ይታወቃል።

ስትሄዱም ጣሳውን ከነመስፈሪያው፣ ጡጦውንና የመጨረሻውን የሽንት ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሟ ወይም ነርሷ ፊት ልክ በቤት እንደምታደርጉት አድርጋችሁ አንድ ጡጦ በጥብጡ፤ የምትበጠብጠው አያቲቱ ከሆነች እርሷ ራሷ ትሂድ።