ሰርተፍኬቱስ አለ፤ ዕቁቡስ?

አዲስ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማሩ ሦስት ወጣቶች ሻይ ቤት ከተቀመጡ ጨዋታው የት እንደሚደርስ ይታወቃል። አንዱ «ዘመኑ የፓይተን ነው» ይላል። ሌላው «ያለ ጃቫስክሪፕት እንጀራ የለም» ይላል። ሦስተኛው በሲ ያልጀመረ ሰው ፕሮግራመር አይባልም ብሎ ሁለቱንም ይንቃል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ ይግላል። «እስካሁን ምን ሠራህበት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ቢጠየቅም መልሱ የታወቀ ነው፦ ካልኩሌተር፣ እሱም ከዩቲዩብ የተቀዳ።

የአርሰናልና የማንቼ ክርክር ማለት ነው። ኳስ የነካ የለም፣ ማሊያ ግን ሁሉም ለብሷል።

ከዚያው ሻይ ቤት ወረድ ሲባል መርካቶ ነው፤ እዚያ ቋንቋ የሚለመደው በሌላ መንገድ ነው። ጣቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ያደገ ልጅ ቤቱ ጉራጊኛ ወይም ስልጢኛ፣ ባንኮኒው ላይ አማርኛ፣ ለጅምላ ከክፍለ ሀገር ከመጣው ደንበኛ ጋር ኦሮምኛ ይናገራል። «ከሦስቱ የቱ ይሻላል?» ቢሉት ጠያቂውን አተኩሮ ያየዋል እንጂ አይመልስም። ገዢው ፊቱ ቆሟል፤ ገዢው በሚሰማው ቋንቋ ይነጋገራል። ሰዋስዉን ሊሰብር ይችላል፣ ዋጋውን ግን አይሳሳትም።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን ማወዳደርም የሚቻለው ፊት ለፊት የቆመ ሥራ ሲኖር ነው። ሥራውን ደግሞ ከአሜሪካ ማስመጣት አያስፈልግም። መርካቶ ውስጥ ዕቁብ የማይጥል ነጋዴ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፣ ደብተር አለው፣ ዕጣ አለው። ከሦስቱ ተከራካሪዎች አንዱ ይነሣና የአጎቱን ዕቁብ በኮድ ይጻፈው። ያኔ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል።

መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ስም ነው። ጸሐፊው አንድ ገጽ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላ ገጽ ላይ «ሀይሉ» ብሎ ጽፏል። ለዕቁብተኛው ያው አንድ ሰው ነው። ለፓይተንም ለጃቫም ለጃቫስክሪፕትም ግን ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከፍሏል፣ ሌላው ዕዳ አለበት። ሀ፣ ሐ እና ኀን የሚያስታርቀውን ሠንጠረዥ ተማሪው ቁጭ ብሎ ራሱ መጻፍ አለበት። ቀጥሎ ስሞቹ በሰልፍ እንዲታተሙ ርዝመታቸው ይለካ። «ሰላም» የሚለውን ስም ፓይተን 3 ፊደል ነው ይላል። ሲ በተለመደው መለኪያው 9 ይላል፤ ጎ የሚባለው የጉግል ቋንቋም እንዲሁ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሲ እና ጎ የሚቆጥሩት ባይቱን ነው። ይህን በገዛ እጁ ያገኘ ተማሪ ሲን «ከባድ» ፓይተንን «ቀላል» የሚያደርገው ምን እንደሆነ ገብቶታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑንም በዚያው ቢያውቅ አይከፋም። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ነበር የሚሆነው።

ከዚያ ቀን ይመጣል፤ ክርክሩ የሚገለባበጠውም እዚህ ላይ ነው። ዕቁቡ ወር በገባ በ5 የሚጣል ከሆነ ጳጉሜ 5 ይጣላል ወይስ ይዘለላል? ዳኛው መልሱን ያውቃል። ፓይተን ግን ጳጉሜ የሚባል ወር መኖሩን አልሰማም፤ ይዞት የሚመጣው የቀን መቁጠሪያ የፈረንጁ ብቻ ነው። ጃቫ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፣ የኢትዮጵያን አልጨመረም። የኢትዮጵያን የፈለገ እንደ ጆዳ-ታይም ያለ ተጨማሪ ላይብረሪ መጫን አለበት። የሚገርመው የሲው ልጅ የናቀው ጃቫስክሪፕት ነው፦ ማንኛውም ዘመናዊ የስልክ ብራውዘር ውስጥ ሆኖ የኢትዮጵያን ቀን አዘጋጅቶ ማሳየት ይችላል። ማሳየት ነው እንግዲህ፤ በኢትዮጵያ ወር መደመርና መቀነስ ሲመጣ የተለመደው የቀን ዕቃው ይለግማል። ጳጉሜ በየ4 ዓመቱ 6 ቀን እንደምትሆን፣ መጨረሻ ያየናትም በ2015 እንደነበር ለኮዱ የሚነግረው ተማሪው ነው።

ገንዘቡም ጉድ አለው። በሦስቱም ቋንቋ በተለመደው የነጥብ ቁጥር 0.1 ላይ 0.2 ቢደመር 0.30000000000000004 ይመጣል። ኮምፒውተሩ የሚያስበው በሁለት ቤት ስለሆነ አንድ አሥረኛን በትክክል መጻፍ አይችልም። ዘግይቶ የከፈለ ሰው ቅጣት በመቶኛ ሲሰላ ይህቺ ጭራ ተጠራቅማ ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳብ ታጣላለች። ፓይተንም ጃቫም ለዚህ የተለየ የቁጥር ዓይነት አላቸው። ጃቫስክሪፕት የለውም፤ ስለዚህ ሁሉን በሳንቲም ለውጦ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። የመርካቶ ሰው ደብተሩ ላይ ክፍልፋይ የማይወደው ለካ ወዶ አይደለም።

ዕጣውስ? ፓይተን ራንደም የሚባል ዕቃ አለው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚማረው እሱን ነው። ነገር ግን የቋንቋው የራሱ መመሪያ ለምስጢር ሥራ አትጠቀሙበት ብሎ ያስጠነቅቃል፤ በቂ ውጤት የሰበሰበ ሰው ቀጣዩን ሊያሰላው ይችላልና። ሌላ፣ ሲክሬትስ የሚባል አለ። ጃቫም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ዕጣ አለው። ይህን ያላወቀ «ፕሮግራመር» የሰው ዕቁብ ላይ እጁን ባያስገባ ይሻለዋል። ቢያውቅም ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል፦ ዕቁብተኛው የለመደው የታጠፈ ወረቀት ከኮፍያ ውስጥ ሲወጣ በዓይኑ ማየት ነው። ላፕቶፕ ውስጥ የወጣን ዕጣ ለምን ያምናል? ፓይተንም ሆነ ጃቫ ለዚህ መልስ የላቸውም።

አሁን ወደ ትልቁ ዘመቻ። «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ሲጀመር ዕቅዱ በሦስት ዓመት አምስት ሚሊዮን ሰው ማሠልጠን ነበር። ሥልጠናው በኢንተርኔት ነው፣ ነጻ ነው። ይህ በጎ ነው፤ ለኮርስ በዶላር መክፈል ለማይችል ወጣት በር ተከፍቶለታል። ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። በየመድረኩ የሚነገረው ስንት ሰው እንደተመዘገበና ስንት ሰርተፍኬት እንደተሰጠ ነው። ስንት ፕሮግራም ተጻፈ፣ ስንት ሱቅ ተጠቀመበት የሚል ቁጥር ማን ሲጠቅስ ተሰማ? የሚቆጠረው ወረቀት ከሆነ ወጣቱም የሚሰበስበው ወረቀት ነው። የድረ ገጹን ጨርሶ ወደ ዳታው፣ ከዳታው ወደ አንድሮይዱ ይዘላል፤ ስሙ ያለበትን ሰርተፍኬት ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ሻይ ቤት ተመልሶ «የቱ ይሻላል?» ይላል።

መሣሪያውንም ማየት ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ በትንሹ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ያገለገለ፣ ራሙ 4 የሆነ ላፕቶፕ በስንት መከራ የገዛ ተማሪ እሱን ከፍቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ስልክ ብቻ ላለው ደግሞ ጃቫስክሪፕት ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦለታል፣ ፓይተንም በስልክ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። «የቱን ልማር?» ለሚል ጀማሪ ሊነገረው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፤ ከውጭ የመጣ «የዓመቱ ምርጥ አሥር ቋንቋዎች» ዝርዝር ግን ስለ መብራት መጥፋትም ስለ ዳታ ዋጋም አያውቅም። ሌላም ሳይነገረው የሚቀር አለ፦ ፓይተን 3 ውስጥ «ዳኛ»፣ «ዕጣ»፣ «ዕዳ» የሚሉ ስሞችን በግዕዝ ፊደል ጽፎ ማሠራት ይቻላል። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፣ መመሪያውም እንደዚያው፤ እሱን መማር አይቀርም። ሐሳቡን ግን በአማርኛ መጀመር ይችላል።

«ቀጣሪ ዕቁብ አይጠይቅም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አይጠይቅም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፈተና የሚያዘጋጀው ኤቱኤስቪ ግን ልጆቹን የሚያለፋው ችግር በማስፈታት ነው፤ ጉግልም ቃለ መጠይቅ ላይ ተፈታኙ ቋንቋውን እንዲመርጥ ይተዋል። የሚፈተነው መፍታት መቻሉ ነው። አንድ ሥራ በአንድ ቋንቋ እስከ መጨረሻው የሠራ ሰው ሁለተኛውን ቋንቋ ለመልመድ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። አምስት ቋንቋ የጀመረና አንዱንም ያልጨረሰ ግን ስድስተኛውንም ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

«ነጋዴው ደብተሩን ለኮምፒውተር አይሰጥም» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ መርካቶ ውስጥ ሱቆች ተዘግተው መዋላቸውን ያስታወሰ ነጋዴው ለምን እንደሚፈራ አይጠፋውም። እንግዲያውስ ልጁ መረጃውን ወደ ሰው ሰርቨር የማይልክ፣ እዚያው ስልኩ ላይ በይለፍ ቃል ተቆልፎ የሚቀመጥ ፕሮግራም ይጻፍ። እሱም ትምህርት ነው፤ ያውም የትኛውም ሰርተፍኬት ላይ ያልተጻፈ።

ዘመቻውን የሚመሩት ሰዎች አንድ ነገር ይሞክሩ፦ ከአዲስ ከተማ ሠልጣኞች ጥቂቱን ይምረጡ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዕቁብ ወይም አንድ የዱቤ ደብተር ይስጡ። ቋንቋውን ራሱ ይምረጥ። ፕሮግራሙ ከወረቀቱ ደብተር ጎን ለጎን ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ይሂድ። ሰርተፍኬቱ ላይ የሚፈርመው የዕቁቡ ዳኛ ይሁን፣ ሁለቱ ሒሳቦች ጳጉሜ ማግስት እኩል ከመጡ።