ለስኳር ቁስል «ስቴም ሴል» ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያ ጫማውን አስወልቁ

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

በቅርቡ አንድ ወንድማችን ከውጭ አገር ደወለልኝ። አባቱ ስኳር አለባቸው፤ ውስጥ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል ስምንት ወር ሞልቶታል። «ዶክተር፣ በስቴም ሴል መርፌ ይድናል ተብለናል። ቤተሰቡ ገንዘብ እያዋጣ ነው፤ ምን ይመክሩናል?» አለኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «አባትዎ ቁስሉን እየረገጡ ነው የሚሄዱት?» ዝም አለ። ቆይቶ «አዎ፣ በየቀኑ ቤተክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ» አለኝ።

በስምንት ወር ውስጥ ፋሻ የቀየረላቸው ብዙ ነው። እግራቸውን ከጫና የሚያሳርፍ ነገር የሰጣቸው ግን አንድም የለም።

የሴል ሕክምና ውሸት ነው ወይ? አይደለም። አፕሊግራፍ የሚባለው ከሕያው የቆዳ ሴሎች የሚሠራ ምርት በ2000 (እ.ኤ.አ) ለስኳር የእግር ቁስል በአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ተፈቅዷል። 208 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ምርቱን ካገኙት 56 በመቶው፣ በጨው ውሃ የራሰ ፋሻ ከተደረገላቸው ደግሞ 38 በመቶው በ12 ሳምንት ውስጥ ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሁለቱም ወገን ቁስል የሞተ ሥጋው እየተነሳ፣ እግሩም ከጫና እያረፈ ነበር። ያም ሆኖ ሴሉን ካገኙት እንኳ 44 በመቶው በዚያ ጊዜ ውስጥ አልዳኑም።

ይህ የቆዳ ሴል ነው። በመርፌ የሚሸጥላችሁ «ስቴም ሴል» ግን ለስኳር ቁስል የኤፍዲኤ ፈቃድ የለውም። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የስኳር እግር መመሪያም የሴል ሕክምናን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። ምርምሩ ይቀጥል፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ያልተጠናቀቀ ምርምርን እንደ ተረጋገጠ መድኃኒት መሸጥ ግን የሰው ጭንቀት ላይ መነገድ ነው።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የምትሉ አላችሁ። ይጎዳል። በ2015 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ከሆዳቸው ስብ የወጣ «ስቴም ሴል» ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች የማየት ችሎታቸውን ክፉኛ አጥተዋል። በ2018 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ከእትብት ደም የተዘጋጀ መርፌ የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ተኝተዋል። ለስኳር እግር ግን ትልቁ ጉዳት የሚባክነው ጊዜ ነው። ገንዘብ እስኪዋጣና ቪዛ እስኪመጣ ድረስ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል።

ሴል ሕያው ነገር ነው፤ ደምና ንጹሕ መደብ ይፈልጋል። መግል በያዘ፣ ደም በማይደርሰውና በየቀኑ በሚረገጥ ቁስል ላይ ሴል መጨመር ምርጥ ዘር ገዝቶ ድንጋይ ላይ እንደ መዝራት ነው።

አሁን ማንም ማስታወቂያ የማይሠራለትን ሕክምና ልንገራችሁ፦ ጀሶ! በ2001 በታተመ ጥናት ውስጥ እግራቸው ላይ ቁስል ካለባቸው የስኳር ሕሙማን መካከል የማይወልቅ ጀሶ ከተደረገላቸው 90 በመቶ ያህሉ በ12 ሳምንት ድነዋል። የሚወልቅ ቡት ከተሰጣቸው የዳኑት 65 በመቶው ናቸው። ሰው የሚወልቅ ነገር ያወልቃላ! ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ አያምም፤ የማያመውን ደግሞ ማንም አያሳርፈውም። (ጀሶው መግል ለያዘ ወይም ደም በደንብ ለማይደርሰው እግር አይሆንም፤ የሠለጠነ ባለሙያም ይፈልጋል።)

ስለዚህ ሐኪማችሁን፣ እኔንም ጨምሮ፣ እነዚህን ጠይቁ፦

👉 የእግሬ ደም ስር ትርታ ታይቷል? ደም በበቂ ይደርሳል?
👉 ቁስሉ አጥንት ነክቷል?
👉 የሞተው ሥጋ ይነሳልኛል ወይስ ፋሻ ብቻ ነው የሚቀየረው?
👉 እግሬን በምንድን ነው የማሳርፈው?
👉 ስኳሬ ስንት ነው?
👉 በ4 ሳምንት ቁስሉ በግማሽ ካልቀነሰ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው?

ስቴም ሴል የሚሸጥላችሁን ደግሞ ይህን ጠይቁት፦ ሴሉ ከየት የመጣ ነው? ለዚህ ቁስል የፈቀደው የትኛው ተቆጣጣሪ ነው? «ጥናት ነው» ካላችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱን ያሳያችሁ። ለጥናት እየተፈለጋችሁ ብዙ ገንዘብ ከተጠየቃችሁም ጠርጥሩ።

«ታዲያ ተስፋችንን ለምን ትነጥቀናለህ?» ለምትሉኝ፦ ተስፋውን ወደሚሠራበት ቦታ ውሰዱት ነው የምለው። ያዋጣችሁት ገንዘብ ለደም ስር ምርመራ፣ ለጀሶ፣ ለተስማሚ ጫማና ለመድኃኒት ይዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁስሉ እምቢ ካለ፣ ያኔ ስለተፈቀዱት የሴል ምርቶች እንነጋገራለን።

⚠️ እግሩ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካለ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ዛሬ ማታ ስኳር ያለባቸውን እናት አባታችሁን ካልሲያቸውን አስወልቁና ውስጥ እግራቸውን በመብራት እዩ። ውጭ አገር ያላችሁም ደውላችሁ አሳዩኝ በሉ። ገንዘብ ለሚያዋጣ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ሼር አድርጉለት።